ከዘጠነኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ትምህርት የሚያቋርጡ ተማሪዎችን በአንድ ወረዳ ለመቀነስ የሚረዳ የአሠራር መመሪያ

በወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት በምሠራበት ጊዜ ሁሉ ከርእሳነ መምህራን ደጋግሞ የሚቀርብልኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ «በመስከረም ወንበር ያጠረው ክፍል በሚያዝያ ግማሽ በግማሽ ባዶ ይሆናል፤ ምን ብናደርግ ይሻላል?» መልሱን በየስልኩ ከመደጋገም በጽሑፍ ማስቀመጡ ስለሚሻል ይህን አዘጋጅቻለሁ። መመሪያው ለወረዳ ባለሙያዎች፣ ለሱፐርቫይዘሮች፣ ለርእሳነ መምህራንና ሆምሩም ለምንላቸው የክፍል ኃላፊ መምህራን የሚሆን ሲሆን፣ በጸጥታ ችግር ምክንያት ትምህርት ቤቶች ለተዘጉበት ወረዳ ግን አይበቃም፤ ያ ሌላ ዝግጅት ይፈልጋል።

ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ሁሉ የተመሠረቱት በአንድ ነገር ላይ ነው። የተማሪው ስም ከመዝገብ ከመሰረዙ ከሳምንታት በፊት በስም መጥሪያው ላይ ምልክት ይታያል፤ ሥራው ያንን ምልክት በዚያው ሳምንት አይቶ፣ ስሙ የታወቀ አንድ ሰው መልስ እንዲሰጥበት ማድረግ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ያለፉት ሦስት ዓመታት ሮስተር (የተማሪዎች ስምና ውጤት ማጠቃለያ) እና የስም መጥሪያ፣ በክፍልና በፆታ የተለየ።
- ለእያንዳንዱ ትምህርት ቤት አንድ የክትትል መዝገብ። ኮምፒውተርና መብራት አስተማማኝ በሆነበት ኤክሴል ይቻላል፤ ካልሆነ ወፍራም ደብተር ይበቃል።
- የእያንዳንዱ ተማሪ ሁለት ስልክ ቁጥር፣ የወላጆቹ ቀበሌና ጎጥ፣ ቤት ተከራይቶ የሚኖር ከሆነም የአከራዩ ስም።
- ለሞባይል ካርድና ለቤት ለቤት ጉብኝት መጓጓዣ የሚውል አነስተኛ ገንዘብ። መምህሩ ከኪሱ እንዲደውል የሚጠብቅ ዕቅድ ከኅዳር አያልፍም።
- የሚቆለፍ ቁም ሣጥን፤ በመዝገቡ ውስጥ ስለ ጋብቻ፣ ስለ እርግዝናና ስለ ሕመም የሚጻፍ ነገር ስለሚኖር።
- በየትምህርት ቤቱ አንድ ተጠሪ። የወር ሥራ ጫናው ሊቀነስለት የሚገባ መምህር ወይም ምክትል ርእሰ መምህር ይሁን፤ «ኮሚቴው ይከታተላል» ማለት ማንም አይከታተልም ማለት ነው።

ደረጃ 1፦ ማን እንዳቋረጠ በትክክል ይቁጠሩ (ነሐሴ)

ያለፈውን ዓመት ሮስተር ይዘው በመስከረም ተመዝግበው በሰኔ ያልተገኙትን ተማሪዎች አንድ በአንድ በአራት ይክፈሉ፦ ተዛውረው በሌላ ትምህርት ቤት መመዝገባቸው የተረጋገጠ፣ በሞት የተለዩ፣ ያቋረጡ፣ የት እንዳሉ የማይታወቅ። አራተኞቹ እስኪረጋገጡ ድረስ ካቋረጡት ጋር ይቆጠራሉ።

ይህ ጥንቃቄ ለምን እንደሚያስፈልግ በምሳሌ እንይ። 320 ተማሪዎች ተመዝግበው 18ቱ በእርግጥ ተዛውረው፣ 41ዱ አቋርጠው እንደሆነ ብናስብ፣ ከቀሩት 302 ውስጥ የማቋረጡ መጠን 13.6 በመቶ ይሆናል። ካቋረጡት መካከል 15ቱ መሸኛ ስለወሰዱ ብቻ «ተዛውረዋል» ተብለው ቢጻፉ ግን መጠኑ ወደ 9.1 በመቶ ይወርዳል፤ አንድም ልጅ ሳይመለስ ትምህርት ቤቱ የተሻሻለ ይመስላል። ስለዚህ መሸኛ የወሰደ ተማሪ ተቀባይ ትምህርት ቤት ተደውሎ ካልተረጋገጠ በቀር ተዛወረ አይባል። ለኢሚስ (ለትምህርት አስተዳደር መረጃ ሥርዓት) የሚላከው ሪፖርት ወደ ቀጣዩ ክፍል ያልተዛወሩትንና ያልደገሙትን ከዓመት ወደ ዓመት እያነጻጸረ የሚሰላበት የራሱ ቀመር ስላለው፣ የሁለቱ ቁጥር ቢለያይ አይደንግጡ፤ ሁለቱንም ለየብቻ ይያዙ።

ስምንተኛ ክፍልን አልፈው ዘጠነኛ ለመመዝገብ ያልመጡትንም ከመጋቢ ትምህርት ቤቶች ስም ዝርዝር ጋር አስተያይተው ለብቻ ይጻፉ። በማቋረጥ ቀመር ውስጥ አይገቡም፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ምክንያታቸው አንድ ዓይነት ነው።

ደረጃ 2፦ የአካባቢዎን የማቋረጫ ወራት ይወቁ

በደረጃ 1 ያገኟቸው ተማሪዎች ለመጨረሻ ጊዜ ክፍል የተገኙበትን ወር ከስም መጥሪያው ላይ አውጥተው በአንድ ገጽ ላይ ያስቀምጡ። በሰሊጥ አምራች አካባቢዎች፣ ለምሳሌ በመተማና በቋራ፣ ወይም ለእነዚህ አካባቢዎች የቀን ሠራተኛ በሚልኩ ደጋ ወረዳዎች፣ ወንዶቹ ገና ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ ይጎድላሉ። በጤፍና በስንዴ አገር አጨዳና ውቂያ በኅዳርና በታኅሣሥ ያስቀራል። ከጥምቀት እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ያለው የሠርግ ወቅት ሴቶችን ይወስዳል። የአንደኛው ወሰነ ትምህርት ውጤት በተነገረ ማግስት ደግሞ ወንድም ሴትም ይቀራል።

ገጹ የሚያስፈልገው ሥራው ከወሩ ቀድሞ እንዲጀመር ነው። የሠርግ ወቅት ሲደርስ የሚደረግ ቅስቀሳ ድግሱ ከተጠመቀ በኋላ የሚደረስ ሽምግልና ይሆናል፤ ውይይቱ በኅዳር መካሄድ አለበት።

ደረጃ 3፦ በምዝገባ ቀን አምስት ጥያቄዎችን ይጨምሩ

ለእያንዳንዱ አዲስ ተመዝጋቢ እነዚህን ይጠይቁ፦ ከወላጅ ጋር ነው የምትኖረው ወይስ ተከራይተህ? ከቤት እስከ ትምህርት ቤት በእግር ስንት ሰዓት ይፈጃል? ስንቅህን ማን ያመጣልሃል፣ በየስንት ቀኑ? ከትምህርት ውጪ ሥራ ትሠራለህ? ባለፈው ዓመት ስንት ቀን ቀርተህ ነበር? መልሱ ለመቀበልም ለመከልከልም መስፈርት እንደማይሆን ለተማሪው አስቀድመው ይንገሩ፤ አለበለዚያ እውነቱን አያገኙም።

ከዘጠነኛ ክፍል ይጀምሩ። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2005 እ.ኤ.አ. የቺካጎን የሕዝብ ትምህርት ቤቶች አጥንተው እንዳሳዩት፣ ዘጠነኛ ክፍልን በሚገባው ውጤት የጨረሱ ተማሪዎች በአራት ዓመት የመመረቅ ዕድላቸው ይህን ካላሟሉት ከሦስት እጥፍ ተኩል በላይ ነው። ቁጥሩ የእኛ አገር ባይሆንም የእኛ ዘጠነኛ ክፍል የባሰ እንጂ የተሻለ አይደለም፤ ልጁ በአንድ ጊዜ አዲስ ትምህርት ቤት፣ የኪራይ ቤት ኑሮና አብዛኛው የትምህርት ዓይነት በእንግሊዝኛ የሚሰጥበት ክፍል ያጋጥመዋል።

ደረጃ 4፦ ስም መጥሪያውን እንዲናገር ያድርጉት

ስም በቀን ሁለት ጊዜ፣ በመጀመሪያውና በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ፣ ይጠራ። ጠዋት ብቻ ከተጠራ ከዕረፍት በኋላ በአጥር የሚወጣው ተማሪ እንደተገኘ ይቆጠራል። የክፍል ኃላፊው መምህር ዓርብ ዓርብ የሳምንቱን ቀሪዎች ወደ ክትትል መዝገቡ ያስተላልፍ፤ ይህን ሥራ ለክፍል አለቃ አይተው፤ አለቃው የጓደኞቹን ስም ይዘላልና።

ቀጥሎ የቀሩባቸውን ቀናት ብዛት ብቻ ሳይሆን አቀማመጣቸውን ያንብቡ። በእኔ ተሞክሮ ከዚህ የበለጠ መረጃ የሚሰጥ ነገር የለም።

ሰኞ ሰኞ የሚቀር ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ ዓርብ ስንቅ ለመቀበል ቤተሰቡ ዘንድ ሄዶ በጊዜ ያልተመለሰ ነው፤ ችግሩ መንገድ ወይም የስንቅ ማለቅ ነው። በገበያ ቀን ብቻ የሚቀር ተማሪ ይነግዳል፣ ይሸከማል ወይም የእናቱን ቦታ ይጠብቃል። በየወሩ ሦስት አራት ቀን የምትቀር ልጅ የወር አበባ መጠበቂያ ወይም ውኃ ያለው መጸዳጃ አጥታ ሊሆን ይችላል። ከተወሰነ ክፍለ ጊዜ ብቻ የሚጠፋ ተማሪ ያንን ትምህርት ወይም ያንን መምህር ይሸሻል። ሳምንት ሙሉ ጠፍቶ የማይደውል ግን ወይ ለሥራ ርቆ ሄዷል፣ ወይ ታሟል፣ ወይ ጋብቻ እየተደገሰ ነው፤ ለዚህኛው ዓርብን አይጠብቁ።

ደረጃ 5፦ ከቀሪ ቀናት ጋር የሚያድግ ምላሽ ይወስኑ

- አንድ ቀን ሲቀር፦ በማግስቱ የክፍል ኃላፊው መምህር ተማሪውን በአካል አግኝቶ ደህንነቱን ይጠይቃል።
- በተከታታይ ሁለት ቀን ወይም በወር ውስጥ ሦስት ቀን ሲቀር፦ መምህሩ በዚያው ቀን ለወላጅ ይደውላል፤ ስልክ ካልተነሣ ለሁለተኛው ቁጥር ወይም ለአከራዩ ይደውላል።
- አምስት ቀን ሲደርስ፦ ተጠሪው ወይም የክፍል ኃላፊው፣ ተማሪው ከሚኖርበት ቀበሌ ከሆነ አንድ የወላጅ፣ የተማሪና የመምህር ኅብረት አባል ጋር ሆኖ ቤቱ ድረስ ይሄዳል።
- አሥር ቀን ሲደርስ፦ ጉዳዩ ለርእሰ መምህሩና ለወረዳው በስም ይቀርባል።

ቀናቱን እንደ አካባቢዎ ማሻሻል ይችላሉ፤ መጥፋት የሌለበት ግን በእያንዳንዱ እርከን ላይ የሚሠራው ሰውና የሚሠራበት ቀን ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ የቀረ ተማሪን «ወላጅ አምጣ» ብሎ ከክፍል ማስወጣት በትምህርት ቤቶቻችን እጅግ የተለመደ ሲሆን፣ በእጃችን የምንፈጥረው የማቋረጫ መንገድ ነው። ወላጁ የአራት ሰዓት መንገድ ርቆ የሚኖር ልጅ አንድ ቀን ስለቀረ ተጨማሪ ሦስት ቀን እንዲቀር እናደርገዋለን፤ አባቱ በአጨዳ መካከል አልመጣም ካለ ደግሞ ልጁ ተመልሶ የሚገባበት በር የለውም። ወላጅ ካስፈለገ ትምህርት ቤቱ ይጥራ፤ ተማሪው ግን ወላጁ እስኪመጣ ክፍል ውስጥ ይቀመጥ። ያረፈደውን በር መዝጋት፣ ዩኒፎርም ያላሟላውን መመለስና መዋጮ ያልከፈለውን ከፈተና ማገድም በዚሁ ተራ የሚታዩ ናቸው።

ደረጃ 6፦ ሲጠይቁ ምክንያቱን እንጂ ጥፋቱን አይፈልጉ

«ለምን ቀረህ?» ብለው ሲጀምሩ የሚያገኙት መልስ «አሞኝ ነው» የሚል ነው። «ሰሞኑን አላየሁህም፤ ደህና ነህ? ትምህርት በሌለህ ቀን የት ትውላለህ?» ሲሉ ግን ወሬው ይከፈታል። ወላጅ ዘንድ ሲሄዱ የልጁን ደብተር ወይም የፈተና ወረቀት ይዘው ይሂዱ፤ «ጋሼ፣ ልወቅስዎ አልመጣሁም። ልጅዎ እዚህ ደርሶ ነበር፤ እንዳይባክንበት ምን ብናግዝ ይሻላል?» ብሎ መነሣት ቡናው ከመፈላቱ በፊት ግማሹን መንገድ ይጨርሳል። ሴት ተማሪን ሴት መምህር ብታነጋግራት ይመረጣል።

የተገኘውን ምክንያት በመዝገቡ ላይ በአንድ ቃል ይጻፉ፦ ስንቅ፣ ሥራ፣ ጋብቻ፣ ውጤት፣ ጤና፣ ስደት። ዝርዝሩን ከመዝገቡ ውጪ ለማንም አይናገሩ።

ደረጃ 7፦ ለእያንዳንዱ ምክንያት የራሱን መፍትሔ ይስጡ

ሁሉንም በአንድ ስብሰባ ለመምከር መሞከር ገንዘብና ጊዜ ያባክናል፤ የራበው ልጅ ስለ ትምህርት ጥቅም አልጠፋውም።

ስንቅና ኪራይ። ከአንድ ቀበሌ የመጡ ተማሪዎች በጋራ እንዲከራዩና ስንቃቸው በተራ በአንድ ወላጅ አህያ ወይም በገበያ መኪና እንዲመጣ ከቀበሌው ጋር ያስተካክሉ። ይህ የሰኞውን ቀሪ የሚቀንስ፣ ወጪውም ትንሽ የሆነ ሥራ ነው። ቤተሰቡ የሴፍቲኔት (የችግረኛ ቤተሰቦች ድጋፍ) ተጠቃሚ ለመሆን የሚያበቃ ችግር ካለበት ተጠቃሚዎችን ለሚመርጠው የቀበሌው ኮሚቴ በጽሑፍ ያሳውቁ። የሴት ተማሪዎችን የኪራይ ቤት ተጠሪዋ ሴት መምህር በወሰነ ትምህርቱ ቢያንስ አንድ ጊዜ ትጎብኝ፤ በሩ ከውስጥ መቆለፉንም ትመልከት።

ሥራ። ሥራውን ሙሉ በሙሉ ከመከልከል ይልቅ ሰዓቱን ማስተካከል ብዙ ጊዜ ያዋጣል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር የተከለከለ ሲሆን፣ ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለ ወጣት በቀን ከ7 ሰዓት በላይ ወይም ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ሊሠራ አይገባም። ይህን ይዘው አሠሪውን ያነጋግሩ፤ ተማሪውን ከሥራው ጋር በሚስማማ ፈረቃ ያዛውሩት። ወደ ማታ ትምህርት ማዛወር የመጨረሻው አማራጭ ይሁን፤ ቀኑን ሲሠራ ውሎ ማታ የሚማር ልጅ ለመቅረት የበለጠ ይጋለጣል። ለአጨዳ የሚቀሩትን በተመለከተ፣ የክልሉ የትምህርት ካሌንደር በሚፈቅደው ልክ የዕረፍት ቀናትን ከአጨዳው ጋር ማገጣጠም ወይም የማካካሻ ክፍለ ጊዜ አስቀድሞ መመደብ ይቻላል።

ጋብቻ። ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዝቅተኛ ዕድሜ ለሁለቱም ፆታ 18 ዓመት አድርጓል፤ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 648 ደግሞ ለአካለ መጠን ካልደረሰች ልጅ ጋር ጋብቻ መፈጸምን ያስቀጣል። ወሬው እንደተሰማ፣ ማጫው ሳይቆረጥና እንግዳ ሳይጠራ፣ ተጠሪው የሴቶችንና የሕፃናትን ጉዳይ ለያዘው የወረዳው ጽሕፈት ቤት ያሳውቅ፤ የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያና ተሰሚነት ያላቸው የሃይማኖት አባት ቤተሰቡን ያነጋግሩ። ድግስ ከተደገሰ በኋላ ቤተሰቡ የሚከስረው ገንዘብና ክብር ስለሚጨምር ልመናውም ይከብዳል። በትምህርት ገበታ ላይ ያሉትን ልጆች ለማስጠንቀቅ ተብሎ ጉዳዩ በሰልፍ ላይ ወይም በሚኒሚዲያ አይነገር፤ የጠቆመችው ልጅ ማንነት ከታወቀ ሌላ ጠቋሚ አይገኝም፣ እሷም ቤቷ መመለስ ያስፈራታል። ጋብቻው የተፈጸመ ወይም ልጅ የተወለደ እንደሆነ ጉዳዩን «አልቋል» ብለው አይዝጉት፤ በሚቀጥለው ወሰነ ትምህርት የምትመለስበትን ቀን ከእርሷና ከቤተሰቧ ጋር ይወስኑ።

ውጤት። የዘጠነኛ ክፍል የመጀመሪያ ስድስት ሳምንታት ፈተና እንደታረመ በሁለት ወይም ከዚያ በላይ የትምህርት ዓይነት የወደቁትን ለይተው ቱቶሪያል (የማጠናከሪያ ትምህርት) ይጀምሩላቸው፤ የወሰነ ትምህርቱን ሮስተር አይጠብቁ። ብዙዎቹ ሒሳቡን ወይም ባዮሎጂውን ሳይሆን የጥያቄውን እንግሊዝኛ ነው ያልተረዱት። እያንዳንዱ መምህር ለትምህርቱ የሚያስፈልጉ ሃምሳ ያህል ቃላትን ከአማርኛ ፍቺያቸው ጋር በአንድ ገጽ አዘጋጅቶ በመጀመሪያው ወር ቢያስተምር፣ ከብዙ ሰዓት ቱቶሪያል ያድናል።

ጤና። ለሴቶች መጠበቂያና ውኃ ያለው ክፍል፣ ለታመመ ተማሪ ወደ ጤና ጣቢያ መላኪያ፣ ማየት ወይም መስማት ለሚቸግረው የፊት ወንበር ይዘጋጅ። እዚህ ላይ የሚያስቸግረው ማወቁ እንጂ ማድረጉ አይደለም።

ስደት። ደላላ ያነጋገረውን ተማሪ በማስፈራራት ማስቀረት አይቻልም። ስንት ብር እንደተጠየቀ፣ ገንዘቡን ማን እንደሚከፍልና በየት በኩል እንደሚሄድ ከወላጆቹ ጋር ቁጭ ብሎ እንዲቆጥር ያድርጉ፤ ቤተሰቡ መሬት ወይም በሬ ሊሸጥ መሆኑ ከታወቀ ውይይቱን ከሽያጩ በፊት ማድረስ ይገባል።

ደረጃ 8፦ በሳምንት አንድ ጊዜ ለአርባ ደቂቃ ይሰብሰቡ

ርእሰ መምህሩ፣ ተጠሪውና የክፍል ኃላፊዎቹ መዝገቡን ይዘው በስም ይነጋገሩ። ለእያንዳንዱ ስም ሦስት ነገር ብቻ ይጠየቅ፦ ባለፈው ሳምንት ምን ተባለ? ተደርጓል? ቀጥሎ ማን መቼ ምን ያደርጋል? ቃለ ጉባኤው ይኸው ነው። ስብሰባው ወደ አጠቃላይ የተማሪዎች ሥነ ምግባር ወሬ ከዞረ ሰብሳቢው ይመልሰው።

ደረጃ 9፦ የሄዱትን ይመልሱ

ለመመለስ የሚመቹት ጊዜያት ሁለት ናቸው፤ የሁለተኛው ወሰነ ትምህርት መጀመሪያና ነሐሴ። ለእያንዳንዱ ያቋረጠ ተማሪ ከመምህሩ ስልክ በፊት የቀድሞ የወንበር ጓደኛው ይደውልለት፤ ልጆቹ ከእኛ ይልቅ እርስ በርስ ይሰማማሉ። ሲመለስ የሚጠብቀው ነገር ተዘጋጅቶ ይቆይ፦ ወንበር፣ መጻሕፍት፣ ያለፈው ትምህርት ማስታወሻ ከጓደኛ ደብተር፣ የማካካሻ ፈተና ቀን። «ተመለስክ? ሥራው አልሆነም እንዴ?» የምትል የመምህር ቀልድ የወር ሥራን ባንድ ጠዋት ታፈርሳለች፤ ስለዚህ መምህራኑን አስቀድመው ያሳስቡ።

ደረጃ 10፦ የወረዳው ድርሻ

ወረዳው በየወሩ ከእያንዳንዱ ትምህርት ቤት ሦስት ቁጥሮችን ይቀበል፦ አምስት ቀንና ከዚያ በላይ የቀሩ፣ ቤታቸው ድረስ የተሄደላቸው፣ የተመለሱ። ሱፐርቫይዘሩ በጉብኝቱ ከመዝገቡ አምስት ስም በዘፈቀደ አውጥቶ ተማሪዎቹ ክፍል ውስጥ መኖራቸውን በዓይኑ ያረጋግጥ።

ማስጠንቀቂያ፦ ትምህርት ቤቶችን በማቋረጥ መጠን ደረጃ አውጥቶ በስብሰባ ማንበብ ወይም ርእሰ መምህሩን በዚህ ቁጥር ብቻ መመዘን የሚያመጣው ለውጥ የስም መጥሪያው ላይ ነው፤ ቀሪው ሁሉ «ተገኝቷል» ይሆናል፣ ያቋረጠውም «ተዛውሯል» ይባላል። ወረዳው ስንት እንደቀረ ሳይሆን ከቀሩት ውስጥ ስንቱ በሳምንቱ እንደተጠየቁ ይመዝን።

ደጋግሜ ያየኋቸው ስሕተቶች

ብዙ ትምህርት ቤቶች ሥራውን በጥር ይጀምራሉ፤ በመስከረም የቀረው ልጅ ግን በጥር የሚመለስበት ምክንያት የለውም። አንዳንዶች ደግሞ ደብተርና ቦርሳ ለሁሉም ያከፋፍላሉ፤ ምክንያቱ ያልታወቀለት ተማሪ ቦርሳውን ይዞ ይቀራል። ሌላው ስሕተት ጠንካራ ተማሪ አያቋርጥም ብሎ ማሰብ ነው፤ በጋብቻና በስደት የምናጣቸው አብዛኛውን ጊዜ ደረጃ የሚያወጡ ናቸው፣ ስለዚህ በውጤት ዝርዝር ብቻ የሚለይ ክትትል አያያቸውም። ተጠሪው ሲዛወር መዝገቡን ሳያስረክብ መሄዱም ይደጋገማል።

በሰኔ መጨረሻ በደረጃ 1 የተጠቀሙበትን ስሌት ይድገሙና ከነሐሴው ጋር ያነጻጽሩ፤ በአጠቃላይ ቁጥሩ ሳይሆን በምክንያቱ እየከፈሉ። የጋብቻው ወርዶ የሥራው ካልወረደ የሚቀጥለው ዓመት ገንዘብ ወዴት እንደሚሄድ ይታወቃል። ከዚያም የዘጠነኛ ክፍል መዝገብ ለአሥረኛ ክፍል ኃላፊ መምህራን በፊርማ ይተላለፍ፤ ክረምቱን ልጆቹ ያሉበትን የሚያውቅ ሰው እንዲኖር ስልክ ቁጥሮቹ ከመታሸጋቸው በፊት አንድ ጊዜ ይደወልባቸው።